ካሚሺባይ፦ በ12 ወረቀትና በአንድ ካርቶን የጃፓን የተረት ቲያትር እንዴት ይሰራል?

ካሚሺባይ የጃፓን የወረቀት ቲያትር ነው። ስዕል የተሳለባቸው ወፍራም ወረቀቶች ፊቱ ክፍት በሆነ ትንሽ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይደረደራሉ። ተራኪው አጠገቡ ቆሞ ታሪኩን እየተናገረ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደ ጎን ይስባል። የፊተኛው ሲወጣ የኋለኛው ይገለጣል። ኤሌክትሪክ የለ፣ ስክሪን የለ። ግን አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ዝም ያሰኛል።

ይህ መመሪያ አንድ ሙሉ ካሚሺባይ ከባዶ ተነስታችሁ እንድትሰሩ ነው። ታሪክ እንመርጣለን፣ ስዕሎቹን እናዘጋጃለን፣ መድረኩን ከካርቶን እንሰራለን፣ ከዚያ ሰው ፊት እንቆማለን። ለአስተማሪም ለወላጅም ይሆናል። ማንጋና አኒሜ (የጃፓን የስዕል ታሪክ መጽሐፍና የካርቱን ፊልም) ለሚወድ ሰውም ይሆናል፤ ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ። ብቻ «ስዕል አልችልም» ብላችሁ እንዳትተዉት። የካሚሺባይ ዋናው ነገር አሳሳሉ ሳይሆን አሳሳቡ ነው።

መጀመሪያ፣ ከየት መጣ?

ስዕል እያሳዩ መተረክ ጃፓን ውስጥ በጣም የቆየ ነገር ነው። የቡድሃ መነኮሳት በስዕል እየጠቆሙ ሃይማኖታቸውን ለሕዝቡ ያስረዱ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ካሚሺባይ ግን የጎዳና ልጅ ነው። በ1930 አካባቢ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቶኪዮ ውስጥ ብቅ አለ። የዓለም ኢኮኖሚ የወደቀበት ጊዜ ነበር። ሥራ ያጡ ሰዎች ሳጥኑን ብስክሌት ላይ አስረው በየሰፈሩ መዞር ጀመሩ። ከመሃላቸው ድምፅ አልባ ፊልም እየተረኩ ይኖሩ የነበሩ ሰዎችም ነበሩ። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ እንጀራቸው ተዘጋ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ሰውዬው ሰፈር ሲደርስ ሂዮሺጊ የሚባሉ ሁለት እንጨቶችን ያጋጫል። ልጆች ይሰበሰባሉ። ትዕይንቱ በነጻ ነው፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከጣፋጭ ሽያጭ ነው። ሚዙአሜ የሚባል፣ ስንጥር ላይ የሚጠቀለል ወፍራም ሽሮፕ ይሸጣል። የገዛ ፊት ይቆማል፣ ያልገዛ ከኋላ አንገቱን ያሰግጋል። ታሪኩ ልብ የሚሰቅል ቦታ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይቆማል። ቀሪው ነገ! ነገም ልጁ ሳንቲሙን ይዞ ይመጣል። ሰውዬው ነጋዴ ነው፤ ስዕሎቹን ራሱ አይስልም፣ ከአከራይ ነው የሚወስዳቸው። አብዛኞቹ በእጅ የተሳሉና አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው ነበሩ።

ከዚህ ጎዳና ላይ «ኦጎን ባት» ወጣ፤ ወርቃማው የሌሊት ወፍ ማለት ነው። ፊቱ የራስ ቅል፣ ትከሻው ላይ ካባ፣ እየበረረ ክፉዎችን የሚያሳድድ ኃያል። ሱፐርማን በ1938 ከመታተሙ በፊት የጃፓን ልጆች ይህን ያዩ ነበር። በ1967 የቴሌቪዥን አኒሜ ሆነ። ሺጌሩ ሚዙኪ የሚባለው ትልቅ የማንጋ ሰውም በ1950ዎቹ ካሚሺባይ ይስል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግራ እጁን ያጣ ሰው ነው። በዮካይ፣ ማለትም በጃፓን የአፈ ታሪክ መናፍስትና ፍጡራን ታሪኮች፣ የታወቀውን ኪታሮ የሚባለውን ገጸ ባሕሪ ከካሚሺባይ ወደ ማንጋ ያሻገረው እሱ ነው። በ1968 ኪታሮም ቴሌቪዥን ገባ።

በጦርነቱ ዓመታት መንግሥት ካሚሺባይን ለፕሮፓጋንዳ ተጠቅሞበታል። ይህንንም ማወቅ ጥሩ ነው። ጉልበት ያለው መሣሪያ ስለሆነ ነው የተፈለገው።

የጎዳናውን ካሚሺባይ የገደለው ቴሌቪዥን ነው። በ1953 ስርጭት ሲጀምር ጃፓኖች «የኤሌክትሪክ ካሚሺባይ» ይሉት ነበር። እኛ ጋ ቴሌቪዥን አባባ ተስፋዬን ሰጠን፤ እዚያ ግን ተረት ነጋሪውን ከመንገድ ላይ አነሳው። ካሚሺባይ የተረፈው በመዋዕለ ሕፃናት፣ በትምህርት ቤትና በቤተ መጻሕፍት ነው። ጎዛን ታካሃሺን የመሰሉ ሰዎች ገና በ1930ዎቹ ለልጆች ትምህርት የሚሆን ካሚሺባይ ማሳተም ጀምረው ነበር። እኛም የምንሰራው ይህንኛውን ዓይነት ነው፤ በአንድ ቁጭታ የሚያልቀውን።

ደረጃ 1፦ ታሪኩን ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳችሁን ታሪክ አትፍጠሩ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የሕዝብ ተረት ውሰዱ። እኔ የምመክረው «ካሳ ጂዞ» የሚባለውን ነው። አጭር ነው፣ ስዕሉ ቀላል ነው፣ ለመሳብ ደግሞ የተፈጠረ ነው።

ጂዞ በጃፓን ቡድሂዝም የሕፃናትና የመንገደኞች ጠባቂ ነው። የድንጋይ ሐውልቶቹ በየመንገዱ ዳር ይቆማሉ፤ ብዙዎቹ ቀይ ጨርቅ አንገታቸው ላይ ታስሮላቸዋል። ብዙ ጊዜ ስድስት ሆነው ይደረደራሉ።

ተረቱ እንዲህ ነው። ድሃ ሽማግሌና ባለቤታቸው አሉ። የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነው፤ ለበዓል የሚሆን ሩዝ የለም። ከሣር ባርኔጣ ይሠሩና ሽማግሌው ገበያ ይወጣሉ። አንድም አይሸጥም። ሲመለሱ በረዶ ይጥላል። መንገድ ዳር ስድስት ጂዞዎች ራሳቸው ላይ በረዶ ተከምሮባቸው ያያሉ። አሳዘኗቸው። የያዙትን አምስት ባርኔጣ ለአምስቱ ያለብሳሉ። ለስድስተኛው የለም። ከራሳቸው ላይ አውልቀው ይሰጡታል። ቤት ሲገቡ ሚስትየው አይቆጡም። ሌሊት ግን አንድ ድምፅ ይሰማል። በሩን ሲከፍቱ ደጃፉ በሩዝ፣ በዓሣና በሞቺ (ተወቅጦ በሚሰራው የበዓል የሩዝ ምግብ) ተሞልቷል። ስድስት ባርኔጣ የለበሱ ደግሞ በበረዶው ውስጥ እየራቁ ይሄዳሉ።

ደረጃ 2፦ በ12 ስዕል ክፈሉት

የሚታተሙ ካሚሺባዮች ብዙ ጊዜ 8፣ 12 ወይም 16 ወረቀት ናቸው። 8ቱ ለትንንሾቹ ነው። ለኛ 12 ይበቃል። አንድ ተራ ወረቀት ላይ 12 ትንንሽ ሳጥን ስሩና በእርሳስ ሞነጫጭሩ፤

1. ሽማግሌና አሮጊት፣ ባዶ ድስት።
2. ሁለቱም ባርኔጣ ሲሠሩ።
3. ሽማግሌው ከቤት ሲወጡ።
4. ገበያ። ሰው ሁሉ ያልፋል፣ ማንም አይገዛም።
5. የመልስ መንገድ፣ ከባድ በረዶ።
6. ስድስቱ ጂዞዎች።
7. የሽማግሌው እጅ ለአንዱ ባርኔጣ ሲያደርግ፤ በጣም ከቅርብ።
8. ስድስቱም በመደዳ። አምስቱ ለብሰዋል፣ አንዱ ራሱ ባዶ ነው።
9. ቤት፣ እሳት ዳር ሁለቱ።
10. ሌሊት። ከሞላ ጎደል ጥቁር።
11. ደጃፉ ላይ የተከመረው ምግብ፣ እየራቁ የሚሄዱት ጂዞዎች።
12. ሁለቱ እየበሉ ሲስቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ወረቀቱ የሚሳበው ከተመልካቹ አንጻር ወደ ግራ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ያለው ስዕል መጀመሪያ የሚገለጠው በቀኝ በኩል ነው፤ ግራው መጨረሻ ላይ ይታያል። ይህን ካወቃችሁ ካሚሺባይ ገብቷችኋል።

8ኛውን ስዕል እዩት። ባርኔጣ የሌለውን ጂዞ ግራ ጫፍ ላይ ሳሉት። 7ኛውን ወረቀት ቀስ ብላችሁ ስትስቡ ልጆቹ ከቀኝ ጀምረው ይቆጥራሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። እዚያ ላይ ታቆማላችሁ። ከዚያ የመጨረሻው ሲወጣ ባዶ ራስ! ያው ጂዞ ቀኝ ጫፍ ላይ ቢሳል ኖሮ ነገሩ ገና ሳይጀመር አለቀ። ስዕሉ አንድ ነው፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው።

11ኛውም እንደዚሁ። ምግቡ በቀኝ፣ የሚርቁት ጂዞዎች በግራ ይሁኑ። መጀመሪያ «ይሄን ማን አመጣው?» ይላሉ፣ ከዚያ መልሱ ይወጣላቸዋል።

ሌላው አቅጣጫ ነው። ወደፊት የሚሄድ ሰው ፊቱ ወደ ግራ ይሁን። ወረቀቱም ወደዚያው ስለሚሄድ ሲሳብ የሚራመድ ይመስላል። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ እጃችን ሁሉንም ሰው ወደ ቀኝ እያዞረ መሳል ይለምዳል። ልብ በሉ።

ደረጃ 3፦ ሳሉ

የታተሙት በአብዛኛው 26 በ38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ኤ3 ወረቀት (29.7 በ42) ለዚህ ቅርብ ስለሆነ እሱን ያዙ። ወፍራሙን ግዙ። ወፍራም ካጣችሁ ተራውን ኤ3 ስስ ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፉት። ሁሉም እኩል መቆረጥ አለበት፤ አንዱ እንኳ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ትዕይንቱ መሃል ላይ ይነክሳል።

በጥቁር ወፍራም ማርከር ዙሪያውን አውጡ። ቀለሙ ጥቂትና ደማቅ ይሁን። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ማየት አለበት፤ ስለዚህ ዛፉን፣ ሣሩን፣ የጣሪያውን ክፍክፍ ሁሉ መዘርዘር ትርፉ ድካም ነው። ስዕሉን ግድግዳ ላይ ለጥፉና አምስት ሜትር ያህል ራቁ። ማን ምን እያደረገ እንደሆነ ወዲያው ካልገባችሁ አቅልሉት። ከጠርዙ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ምንም ቁም ነገር አትሳሉ፤ የመድረኩ ጠርዝ ይሸፍነዋል።

ከቅርብና ከሩቅ አፈራርቁ። 6ኛው ሩቅ ከሆነ 7ኛው እጅ ብቻ ይሁን። ፊልም ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። የጎዳና ሠዓሊዎቹም ከፊልም ብዙ ቀድተዋል።

ላሚኔት አታድርጉት። ብርሃን ያንጸባርቃል፣ ወረቀቶቹም እርስ በርስ ይንሸራተታሉ።

ደረጃ 4፦ ጽሑፉን ከጀርባ ጻፉ

እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። 1ኛውን ስባችሁ ስታወጡ መጨረሻ ላይ ትከቱታላችሁ። በዚያ ሰዓት ተመልካቹ 2ኛውን እያየ ነው፣ እናንተ ደግሞ የ1ኛውን ጀርባ እያያችሁ ነው። ስለዚህ 1ኛው ጀርባ ላይ የሚጻፈው የ2ኛው ስዕል ጽሑፍ ነው። 2ኛው ጀርባ ላይ የ3ኛው። እንዲህ እያለ ይሄዳል። የ1ኛው ስዕል ጽሑፍ የሚጻፈው 12ኛው ጀርባ ላይ ነው።

ጽሑፉ አጭር ይሁን። ስዕሉ የሚያሳየውን መልሳችሁ አትንገሩ። በረዶው ከታየ «በረዶ ይጥል ነበር» ማለት ምን ይሠራል? ይልቅ ሰዎቹን አናግሩ። ሽማግሌው ለጂዞዎቹ፦ «እናንተንም በረዳችሁ አይደል? ቆይ፣ ቆይ።» ሚስትየው ሲሰሙ፦ «ደግ አደረጉ። ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ቆመው ሊያድሩ አይደል?» አንድ ወረቀት ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። ጠቅላላው አሥር ደቂቃ ቢሆን ጥሩ ነው።

የአሳሳቡን ትእዛዝ በቀይ ጻፉት። የ7ኛው ስዕል ጽሑፍ (6ኛው ጀርባ ላይ ያለው ማለት ነው) መጨረሻው እንዲህ ይሆናል፦

«አንድ… ሁለት… *(ቀስ ብሎ መሳብ)* ሦስት… አራት… አምስት። *(ማቆም፤ ልጆቹን ማየት)* ውይ! ለአንዱ አልደረሰም። *(ጨርሶ መሳብ)*»

ከጀርባው ጥግ ላይ የቀጣዩን ስዕል ትንሽ ንድፍ መሳልም ይረዳል። ተመልካቹ ምን እያየ እንደሆነ አንገታችሁን ሳታሰግጉ ታውቃላችሁ።

ደረጃ 5፦ መድረኩን ሥሩ

መድረኩ ቡታይ ይባላል። ያለሱ ወረቀቶቹን በእጅ ይዞ መተረክ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። መድረክ ሲኖር ስዕሉ ከክፍሉ ይለያል። በሩ ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ያውቃል፣ ተጀመረ።

ጠንካራ ካርቶን፣ ከተር፣ ማስመሪያና ኮላ ያስፈልጋል። ውስጡ 43 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 31 ቁመት፣ 4 ጥልቀት ያለው ሳጥን ሥሩ። ከፊት 39 በ27 መስኮት ቁረጡ። በተመልካቹ ግራ ያለውን ጎን (ከኋላ ሆናችሁ ስታዩት ቀኛችሁ ነው) ሙሉ በሙሉ ክፍት ተዉት። ወረቀቱ የሚወጣውም፣ ከኋላ ተመልሶ የሚገባውም በዚያ ነው። ጀርባውን ደግሞ ዙሪያውን አራት ሴንቲ ሜትር ብቻ ትታችሁ ክፈቱት፤ ጽሑፉን የምታነቡት በዚያ ነው።

ከፊት በር ግጠሙለት። የጃፓኖቹ ብዙ ጊዜ ሦስት በር አላቸው፤ ለኛ ግራና ቀኝ ይበቃል። ከካርቶን ቁረጡና በፕላስተር አያይዙት። የግራው በር ሲከፈት ወረቀቱ ከበሩ ኋላ ይውጣ፤ በሩ የወጣውን ወረቀት ከልጆቹ ዓይን ይጋርደዋል። ሳጥኑን ጥቁር ወይም ቡናማ ቀቡት። አበባና ኮከብ አትለጥፉበት። ሰው ማየት ያለበት ስዕሉን ነው።

ሂዮሺጊ ለመሥራት ሁለት ጠንካራ የእንጨት ቁራጭ ይበቃል። የእጅ መዳፍ ተኩል ያህል ርዝመት ይኑራቸው። የለሰለሰ እንጨት ደብዛዛ ድምፅ ነው የሚሰጠው፤ እያጋጫችሁ ምረጡ።

ደረጃ 6፦ ተለማመዱ

ድምፃችሁን ሳይሆን እጃችሁን ነው የምታለማምዱት። አራት አሳሳብ አለ። ቀስ ብሎ፣ በአንዴ ፈጥኖ፣ ግማሽ ስቦ ማቆም፣ እያንቀጠቀጡ መሳብ። ፈጥኖ የሚሳበው ድንገት ነገር ሲመጣ ነው። እያንቀጠቀጡ መሳብ ለመሬት መንቀጥቀጥ፣ ለብርድ፣ ለከባድ ሸክም ይሆናል። ሁሉንም አንድ ታሪክ ውስጥ አትጨምሩ። ካሳ ጂዞ ጸጥ ያለ ተረት ስለሆነ ሁለት ሦስት ቦታ ይበቃዋል፤ ሌላው ዝም ብሎ በእርጋታ ይሳብ።

10ኛው ላይ ስትደርሱ አትናገሩ። ጥቁሩን ስዕል ትንሽ ይዩት። ከዚያ ከሩቅ፣ በትንሽ ድምፅ፣ «ሆ… ሆ…»። ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ «ሆ! ሆ!»። ግማሽ ሳቡ። ሩዙ ታየ። ዝም በሉ። ጀማሪ ተራኪ ዝምታ ስለሚያስፈራው ቶሎ ይናገራል። ዝም ማለቱን ተለማመዱ።

ደረጃ 7፦ ትዕይንቱ

መድረኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። ልጆቹ መሬት ላይ ይቀመጡ፤ በጣም ወደ ጎን አይዘርጉ፣ የመድረኩ ጠርዝ ስለሚጋርዳቸው። ከመድረኩ ጀርባ መስኮት ካለ ቦታ ቀይሩ። ብርሃኑ ከፊት ይምጣ።

ከኋላ አትደበቁ። በተመልካቹ ግራ፣ ከመድረኩ ጎን ቁሙ፤ ፊታችሁ ይታይ። ልጆቹ ስዕሉንም እናንተንም ያያሉ፣ እናንተም ታዩዋቸዋላችሁ። አንዱ ቢጠይቅ መልሱለት። ከመጽሐፍ ንባብ የሚለየው በዚህ ነው።

ሂዮሺጊውን በዝግታ ጀምራችሁ እያፈጠናችሁ አጋጩ። በሩን አንድ በአንድ ክፈቱ። የጃፓን ተረት የሚጀምረው «ሙካሺ ሙካሺ» ብሎ ነው፤ ድሮ ድሮ እንደማለት። በአማርኛ ስትተርኩ ግን «ተረት ተረት» በሉና «የላም በረት» እስኪሏችሁ ጠብቁ። ውጭ አገር ላደጉና አማርኛው ለሚከብዳቸው ልጆች ይቺ መልስ ጥሩ መግቢያ ናት፤ ከስዕሉ ጋር ሲሆን ያልገባቸው ቃል ብዙም አያስቸግራቸውም።

መጨረሻ ላይ 12ኛውን አትሳቡ! ከሳባችሁት 1ኛው ተመልሶ ይመጣና ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። 12ኛው እንደታየ በሩን ዝጉ።

ከለመዳችሁ በኋላ፦ ልጆቹ የሚሳተፉበት

ሌላው የካሚሺባይ ዓይነት ተመልካቹ ካልገባበት የማይንቀሳቀሰው ነው። ለዚህ ካፓን የሚያህል የለም። ካፓ የወንዝ ዮካይ ነው። ቁመቱ የልጅ፣ ጀርባው የኤሊ፣ አፉ እንደ ወፍ። አናቱ ላይ ሳህን የመሰለ ጎድጓዳ ነገር አለው፣ ውስጡ ውሃ። ጉልበቱ ያለው እዚያ ውሃ ውስጥ ነው። ሰውና ፈረስ ወደ ወንዝ ይጎትታል ይባላል፤ ወላጆች ልጆች ወንዝ እንዳይጠጉ ያስፈራሩበት ነበር። ኪያር ይወዳል። ኪያር የሚገባበት ሱሺ «ካፓማኪ» የሚባለው በእሱ ነው። አንድ ድክመት አለው፣ ጨዋ ነው። ሰው እጅ ከነሳው እሱም እጅ ይነሳል። ሲያጎነብስ ውሃው ይፈሳል። አለቀለት።

8 ወረቀት ይበቃል። ካፓው ይመጣል፣ ያስፈራራል፣ አንዱን ልጅ ሊጎትት ይደርሳል። ያኔ ወደ ልጆቹ ዞራችሁ፣ «ምን እናድርግ? ኑ፣ እጅ እንንሳው!» ሁሉም እስኪያጎነብስ ወረቀቱን አትሳቡ። አንዱ ካላጎነበሰ ካፓው «አንተስ?» ይበለው። ከዚያ በአንዴ ሳቡ። ያጎነበሰ ካፓ፣ የፈሰሰ ውሃ። ሳቁ ያን ጊዜ ነው። «ድገመው» ይሏችኋል፤ ደግሞም ይደገማል።

ሌሎች እንዴት እንደሚሰሩት ማየት ለሚፈልግ፣ ኪዮቶ ያለው ዓለም አቀፍ የማንጋ ሙዚየም ውስጥ ካሚሺባይ በተራኪ ይቀርባል። በ2001 የተመሠረተው የጃፓን ዓለም አቀፍ የካሚሺባይ ማኅበር ደግሞ ዲሴምበር 7ን የዓለም ካሚሺባይ ቀን ብሎ ያከብረዋል። በኛ ኅዳር ሊያልቅ ሲል ነው። ካፓና ጂዞ አንድ ቀን አብረው የሚቀርቡ ከሆነ ካፓው ይቅደም፤ ልጆቹ ከሳቁ በኋላ ጸጥ ያለውን ተረት ይሰማሉ፣ በተቃራኒው ግን ያስቸግራል።

ስትጨርሱ ወረቀቶቹን አትጠቅልሉ፤ አንዴ ከተጠቀለለ መድረኩ ውስጥ ይጎብጣል። በጠፍጣፋ ካርቶን መሃል አድርጋችሁ በተኛበት አስቀምጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ከመጀመራችሁ በፊት 12ኛውን ወደ ኋላ መልሱና ቁጥሩን አንድ በአንድ እዩ። የ12ኛው ጀርባ ወደ እናንተ፣ 1ኛው ስዕል ወደ ልጆቹ።